ስለ ባንግላዴሾቹና ስለ ፈረንሳዮቹ ስናወራ፦ በብሪታኒያ ለሚገኙ የኢትዮጵያውያን ኮሚዩኒቲ ማኅበራት ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለማኅበራቱ አመራሮች፣ እንዲሁም በዚህ አገር ልጅ ለምታሳድጉ ወላጆች ሁሉ፤

ጤና ይስጥልን።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የማይሰለች ወሬ ነው። ለቅሶ ቤት ይነሳል። ክርስትና ላይ ይነሳል። የማኅበር ስብሰባ ላይማ ግዴታ ነው። «ባንግላዴሾቹን አታዩም? ከእኛ በምን ይሻላሉ? ተባብረው ትምህርት ቤቱንም ካውንስሉንም ያዙት። እኛ እርስ በርስ ስንበላላ ቀረን።» ይላል አንዱ። ፓሪስ ዘመድ ያለው ደግሞ ይቀበላል። «ፈረንሳይ ያሉትንስ ምን ትላቸዋለህ? አልጄሪያዎቹ፣ ማሊዎቹ፣ ሦስተኛ ትውልድ ደርሰው ገና መኪና ያቃጥላሉ።» ፍርዱ እዚያው ይሰጣል። አንዱ ሕዝብ ጎበዝ፣ አንዱ ሰነፍ፣ እኛ ምቀኛ። ከዚያ ሁለተኛው ቡና ይቀዳል።

ወሬ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ግን ማኅበሮቻችን ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን የሚያውሉት በዚህ ወሬ ላይ ተመሥርተው ነው። «ችግራችን አለመተባበር ነው» ብሎ ያመነ ማኅበር የሚያዘጋጀው የአንድነት እራት ነው። እራቱን አልጠላም፤ ክትፎው ጥሩ ነው። የማንንም ልጅ የሂሳብ ውጤት ግን ከፍ ሲያደርግ አላየሁም።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ብሪታኒያ ውስጥ ያሉት ባንግላዴሾች አብዛኞቹ ሲልሄት ከሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ክፍል የመጡ ናቸው። ቀደምቶቹ በእንግሊዝ መርከቦች ሞተር ክፍል ከሰል የሚያግዙ መርከበኞች ነበሩ። ለንደን ወደብ ላይ ወርደው የቀሩ አሉ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ብዙ ወንዶች ለሥራ መጡ። አንዳንዱ ሰሜን እንግሊዝ ጥጥ ፋብሪካ ገባ፣ አንዳንዱ ምሥራቅ ለንደን ልብስ ሰፊ ሆነ። ሁሉም «ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ» ባይ ነበር። ይህቺን እኛም እናውቃታለን። ሚስትና ልጆች በብዛት የመጡት በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ነው።

ሲመጡ ያገኙት የተዘጋጀ ቤት አልነበረም። ስፒታልፊልድስና ኋይትቻፕል ያኔ ጣሪያው የሚያፈስ፣ መስኮቱ በጣውላ የተመታ ሰፈር ነበር። ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ቤት ሲከለክላቸው ባዶ ሕንጻዎችን ሰብረው ገቡ። በ1976 የቤንጋሊዎች የቤት ንቅናቄ የሚል ስብስብ ፈጥረው ያንን በተደራጀ መንገድ ማድረግ ያዙ። በ1978 ግንቦት 4 ቀን አልታብ አሊ የተባለ ወጣት ልብስ ሰፊ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲሄድ በዘረኛ ጎረምሶች ተወግቶ ሞተ። ከአሥር ቀን በኋላ ሺዎች የሬሳ ሳጥኑን ተከትለው እስከ ዳውኒንግ ስትሪት ሄዱ። ኋይትቻፕል መንገድ ዳር ያለው አልታብ አሊ ፓርክ የተሰየመው በእሱ ነው። ብዙዎቻችን አውቶቡስ ስንጠብቅ በአጠገቡ እንቆማለን።

«ተባበሩ» ስንል ይህንን ማስታወስ አለብን። የተባበሩት ጠባያቸው የተለየ ስለሆነ አይደለም። ሌላ መውጫ ስላልነበራቸው ነው። ሁሉም አንድ ሰፈር ላይ ነበሩ፣ ከአንድ አካባቢ የመጡ ነበሩ፣ ቁጥራቸውም ምርጫ የሚያሸንፍ ነበር። በ2021 ሕዝብ ቆጠራ፣ እነዚህ ሰፈሮች ያሉበት የምሥራቅ ለንደን ካውንስል ታወር ሃምሌትስ ውስጥ ከመቶ ሰው 35ቱ ያህል ባንግላዴሽ ነው። እኛ ለንደንን በሙሉ፣ ከብሬንት እስከ ግሪኒች ተበታትነን ነው የምንኖረው። በፍቅር ብንቃጠል እንኳ አንድ የካውንስል ወንበር የሚያስይዝ ድምፅ የለንም።

አሁን ወደ ትምህርቱ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ታወር ሃምሌትስ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የባንግላዴሽ ልጆች የትምህርት ቤት ወንበር ጠፍቶ ቤታቸው ተቀምጠው ነበር። በ1997 አካባቢው በፈተና ውጤት ከእንግሊዝ አስተዳደሮች ሁሉ መጨረሻ ላይ ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከአገሪቱ አማካይ በላይ ወጣ። የባንግላዴሽ ልጆችም በጂሲኤስኢ፣ ማለትም በ16 ዓመት ገደማ በሚወሰደው ፈተና፣ ከነጭ ብሪታኒያዊ ልጆች አማካይ አለፉ። ነጻ ምሳ ከሚበሉት ድሃ ልጆች መካከል ስታወዳድሩማ ልዩነቱ በጣም ይሰፋል።

ይህ እንዴት ሆነ? ባንግላዴሽ እናቶች ከሌላው እናት የበለጠ ለትምህርት ስለሚጨነቁ? የእኛ እናቶች ምን ጎደላቸው ታዲያ! ዋናው ነገር ገንዘብና ክትትል ነበር። ታወር ሃምሌትስ ለአንድ ተማሪ የሚያወጣው ገንዘብ ከአገሪቱ ከፍተኞቹ መካከል ነበር። ደካማ ርዕሰ መምህራን ተቀየሩ። ቤንጋሊ የሚናገሩ ረዳት መምህራን ተቀጠሩ። ትምህርት ቤት አቋርጦ ለወራት ሲልሄት የሚከርመውን ልጅ ጉዳይ ካውንስሉ ከመስጊዱ ጋር ተነጋግሮ ያዘው፤ ኢማሙም አርብ ስግደት ላይ ስለ መቅረት ሰበከ። በ2003 ለንደን ቻሌንጅ የሚባለው የትምህርት ቤቶች ማሻሻያ መጣ። በ2004 ደግሞ ኢኤምኤ መጣ። ከ16 ዓመት በላይ ሆኖ ትምህርቱን ለሚቀጥል የድሃ ቤተሰብ ልጅ በሳምንት እስከ 30 ፓውንድ ይሰጥ ነበር። 30 ፓውንድ ቀላል ናት አትበሉ። አባቱ ሬስቶራንት እቃ የሚያጥብ ልጅን፣ ትምህርት በመቀጠሉ ከቤተሰብ ጋር ከመጣላት አድናዋለች።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ነበር። ካውንስሉ ያውቃቸው ነበር። ከ1991 ጀምሮ የእንግሊዝ ሕዝብ ቆጠራ ብሔረሰብ ይጠይቃል፤ «ባንግላዴሽ» የሚል የራሱ ሳጥን አለው። ትምህርት ቤቶችም በዚያው ይመዘግባሉ። ስለዚህ ስብሰባ ላይ «ልጆቻችን ወድቀዋል» ብሎ የሚጮኽ አባት ባዶ እጁን አልነበረም። በየትኛው ትምህርት ቤት፣ በየትኛው ትምህርት፣ ስንት ልጅ እንደወደቀ ወረቀቱን ይዞ ነበር። ሹሙ «እናጣራለን» ብሎ ሊሸኘው አልቻለም።

ግን ወሬው እዚህ ላይ ይቆምና የኪሱን ጉዳይ ይረሳል። የ2018 የደመወዝ መረጃ እንደሚያሳየው የባንግላዴሽ ተወላጅ ተቀጣሪ መካከለኛ የሰዓት ክፍያ ከነጭ ብሪታኒያዊው በ20 በመቶ ያነሰ ነበር። በዚያ ዝርዝር ከሁሉም ትልቁ ልዩነት እሱ ነው። ከቤት ወጪ በኋላ ሲሰላ፣ ከባንግላዴሽ ቤተሰብ ግማሽ ያህሉ ድሃ ከሚባለው መስመር በታች ነው። በ2016 መጨረሻ የመንግሥት የማኅበራዊ እድገት ኮሚሽን ስለ ልጆቹ እንዲህ አለ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ያልፋሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፣ ከፍ ያለው ሥራ ላይ ሲደርሱ ግን ይቀራሉ።

ሀብት ላይ ስንመጣ ደግሞ ይብሳል። ሬዞሉሽን ፋውንዴሽን የተባለው የጥናት ተቋም በ2020 ባወጣው ስሌት፣ የነጭ ብሪታኒያዊ ቤተሰብ መካከለኛ ሀብት ለአንድ አዋቂ ሰው ሲካፈል 197 ሺህ ፓውንድ ነው። የባንግላዴሹ 31 ሺህ። ከሁሉም በታች ያለው ማን መሰላችሁ? «ጥቁር አፍሪካዊ»፤ 24 ሺህ። እኛ ያለነው እዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ «አለፉን» የሚለው ወሬ ልክ ነው፣ ያለፉን ግን ወደ ሀብት አይደለም።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። «ኢንዲያን ሬስቶራንት» የምንለው አብዛኛው በሲልሄት ሰዎች የተከፈተ ነው። ሥራው ሌሊት ነው፣ ትርፉ ቀጭን ነው፣ ጡረታ የለውም። ባንግላዴሽ ሴቶች ለረጅም ጊዜ ከግማሽ በታች የሚሆኑት ብቻ ነበሩ ደመወዝ ሥራ ላይ የነበሩት። ትልቅ ቤተሰብ፣ አንድ ደመወዝ፣ የለንደን ኪራይ። ልጁ አካውንታንት ቢሆንም መጀመሪያ የሚከፍለው የወላጆቹን ኪራይ ነው፤ የቤት መግዣ ቅድሚያ ክፍያ የሚሰጠው አያት የለውም። ይሄ ደግሞ የጉብዝናም የስንፍናም ጉዳይ አይደለም።

አሁን ባሕሩን እንሻገር።

ፈረንሳይም ከጦርነቱ በኋላ ሠራተኛ ጠራች። ከአልጄሪያ፣ ከሞሮኮ፣ ከፖርቱጋል፣ ቆይቶም ከማሊና ከሴኔጋል። በ1974 የሥራ ስደትን ዘጋች፤ ቤተሰብ መጥራት ግን ቀጠለ። ፋብሪካው በተዘጋ ጊዜ ቤተሰቡ ከከተማው ዳር በተሠራው ረጃጅም የኪራይ ሕንጻ ውስጥ ቀረ። ዛሬ ከስደተኛ ወላጅ ፈረንሳይ ውስጥ የተወለዱት ከሰባት ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከሕዝቡ ከአሥሩ አንዱ ማለት ነው።

ፈረንሳይ ግን ዜጋዋን «ዘርህ ምንድን ነው?» ብላ አትጠይቅም። የ1978ቱ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ይከለክላል። በ2007 ደግሞ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ በዘር ላይ የተመሠረተ መረጃ መሰብሰብ አይቻልም አለ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። በጀርመን ወረራ ዘመን ሰውን በዘሩ መዝግቦ ወደ ሞት የላከ መንግሥት የነበረበት አገር፣ እንዲህ ያለ መዝገብ ቢፈራ አይፈረድበትም። እኛም መታወቂያ ላይ ብሔር ተጽፎ ምን እንዳመጣ የምናውቅ ሰዎች ነን።

ጨርሶ አይቆጥሩም ማለት ግን አይደለም። የስታቲስቲክስ ተቋማቸው የወላጅን የትውልድ አገር በናሙና ይጠይቃል። በ2008 እና 2009፣ ከዚያም በ2019 እና 2020 ሁለት ትልልቅ ጥናቶች አድርጓል። ከዚያ የተገኘው ግልጽ ነው። ከማግሬብ (ከአልጄሪያ፣ ከሞሮኮና ከቱኒዝያ) ወላጆች የተወለዱት ላይ ሥራ አጥነት፣ የስደት ታሪክ ከሌለው ፈረንሳዊ ጋር ሲወዳደር ሁለት እጥፍ ያህል ነው። የሚገርመው የፖርቱጋሎቹ ልጆች ናቸው። እነሱ ባነሰ ትምህርት፣ ሙያ ተምረው ይወጣሉ፤ ሥራ ግን ያገኛሉ። የአልጄሪያው ልጅ የበለጠ ተምሮ ሥራ ያጣል።

ለምን? አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። በ2009 ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት የትምህርትና የሥራ ታሪክ ያላቸውን ሲቪዎች ለፈረንሳይ ቀጣሪዎች ላኩ። የአባት ስሙም አንድ ነው፤ ዲዩፍ፣ የሴኔጋል ስም። ልዩነቱ አንዷ ማሪ መሆኗ፣ አንዷ ኸዲጃ መሆኗ ነው። ማሪ በካቶሊክ ድርጅት ሠርታለች፣ ኸዲጃ በእስላማዊ። የማሪ ለቃለ መጠይቅ የመጠራት ዕድል የኸዲጃን ሁለት እጥፍ ተኩል ሆነ። ቆዳው አንድ፣ አገሩ አንድ፣ ትምህርቱ አንድ። እንግዲህ ኸዲጃን «ተባበሪ» ብለን ልንመክራት ነው?

ትምህርት ቤቱም አለ። ከፓሪስ በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው ሴን ሳን ዴኒ ከዋናው ፈረንሳይ ድሃው ክፍለ ግዛት ነው። በ2018 ሁለት የፓርላማ አባላት ስለ እሱ ሪፖርት አቀረቡ። ከፓሪስ ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ድጋፍ የመጨረሻው ተብሎ የተያዘው እንኳ፣ ከሴን ሳን ዴኒው አንደኛ የተሻለ ያገኛል አሉ። ይህ ሁሉ እንግዲህ ፈረንሳይ ከ1981 ጀምሮ ለድሃ ሰፈር ትምህርት ቤቶች ልዩ ድጋፍ የሚል መርሐ ግብር እያላት ነው። መምህራን የሚመደቡት በነጥብ ስለሆነ፣ ነጥብ የሌለው አዲስ ምሩቅ እዚያ ይላካል፤ ነጥብ ሲያጠራቅም ይወጣል። ታወር ሃምሌትስ ለልጅ ተጨማሪ ገንዘብ ሲያፈስ፣ ሴን ሳን ዴኒ ያገኘው ነገ የሚሄድ መምህር ነው። የአንዱ ተማሪ ውጤት ወጣ፣ የሌላው አልወጣም። ታዲያ ይሄን «ባህል» ብለን ልንጠራው?

ፍትሐዊ ልሁን፤ ፈረንሳይ የምትሻልበትም አለ። ሕጻናት ከሦስት ዓመታቸው ጀምሮ ሙሉ ቀን በነጻ መዋዕለ ሕጻናት ይውላሉ። ከ2019 ወዲህ እንዲያውም ግዴታ ነው። ለንደን ውስጥ ለልጅ ማቆያ የምትከፍሉ እናቶች ይህን ስታነቡ ምን እንደምትሉ ይገባኛል።

የሁለቱን አገር የድህነት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ «ከእነዚህ እነዚያ ይሻላሉ» እንዳትሉም አደራ። እንግሊዝ ብዙ ጊዜ የምትጠቅሰው የቤት ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ያለውን ነው። ፈረንሳይ ከመቀነሱ በፊት ያለውን ትጠቅሳለች። የለንደን ኪራይ ባለበት ዓለም ይህ ሰማይና ምድር ነው። በዚያ ላይ እንግሊዝ ቁጥሩን በብሔረሰብ ትከፍላለች፤ ፈረንሳይ በወላጅ የትውልድ አገር። የባንግላዴሹ ቁጥር ትናንት ከሲልሄት የመጣውንም የልጅ ልጁንም ይዟል። የፈረንሳዩ ሁለተኛውን ትውልድ ለብቻው ያወጣል፣ ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ «ፈረንሳዊ» ተብሎ ይሰወራል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞሩት ሠንጠረዦች ይህን አይነግሯችሁም።

ባህል ነው ለሚል ሰው ደግሞ ኦልድሃምን ሂድና እይ እለዋለሁ። ማንችስተር አጠገብ ነው። እዚያም ያሉት ባንግላዴሾች ከዚያው ከሲልሄት የመጡ ናቸው። ሃይማኖቱ አንድ፣ የዓሣ ወጡ እንኳ አንድ። እነሱ ግን የገቡት ጥጥ ፋብሪካ ነው፣ ፋብሪካው ተዘጋ። በ2001 ከተማዋ በዘር ረብሻ ታመሰች። የለንደኑ ልጅ ከቤቱ በእግሩ ሄዶ የሚደርስባቸው ባንኮችና የለንደን የትምህርት በጀት ነበሩት። የኦልድሃሙ አልነበረውም። አንድ ወንድም ለንደን፣ አንድ ወንድም ኦልድሃም ቢወርዱ የልጆቻቸው ዕጣ የሚለያየው በወረዱበት ጣቢያ ነው።

ስለ ፈረንሳይ ተወላጆች ካወራን፣ እዚሁ ምሥራቅ ለንደን፣ ብሪክ ሌን መንገድ ላይ ያለፉትንም እናንሳ። የፎርኒየር መንገድ ጥግ ላይ ያለውን መስጊድ ታውቁታላችሁ። በ1743 ሲሠራ የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ነበር። በ1898 የአይሁድ ምኩራብ ሆነ። ከ1976 ጀምሮ መስጊድ ነው። ፈረንሳዮቹ ሁግኖ ይባላሉ። በ1685 ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የእምነት ነጻነታቸውን ሲሽር ሸሽተው፣ 50 ሺህ ያህሉ እንግሊዝ ገቡ። «የተሳካላቸው ስደተኞች» ተብለው ሁልጊዜ የሚጠቀሱት እነሱ ናቸው። እውነት ነው፣ በ1694 የእንግሊዝ ባንክ ሲቋቋም የመጀመሪያው ገዢ ጆን ሁብሎን ነበር፤ ቤተሰቡ ከሊል የተሰደደ ፕሮቴስታንት ነው። ግን በ1769 ቤትናል ግሪን ላይ ሁለት የሐር ሸማኔዎች በደመወዝ ረብሻ ተከሰው ተሰቀሉ። አንደኛው ቫሊን የሚባል፣ ከፈረንሳይ ስደተኞች ዘር ነበር። በ1860 ከፈረንሳይ ጋር የንግድ ውል ሲፈረም ርካሽ ሐር ገባና የቀሩትን ሸማኔዎች ጨረሳቸው። እንግዲህ የፈረንሳይ ተወላጆች በእንግሊዝ «ተሳክቶላቸዋል» ወይስ አልተሳካላቸውም? የባንኩን ገዢና የተሰቀለውን ሸማኔ ደምራችሁ ለሁለት ብታካፍሉ የምታገኙት ሰው በሕይወት የለም።

የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። «ጥቁር አፍሪካዊ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ከሌጎስ የመጣ ሐኪም አለ። በደርግ ጊዜ ተሰድዶ ዛሬ ሁለት ቤት ያለው የአገራችን ሰው አለ። በካሌ በኩል በጀልባ ገብቶ፣ ጥገኝነት ጠይቆ፣ እንዳይሠራ ተከልክሎ ሆቴል የተቀመጠ የ19 ዓመት ልጅ አለ። ሦስቱን ደምሮ የሚወጣው ቁጥር ለአንዳቸውም አይጠቅምም። ለካውንስሉ ግን ይጠቅማል፤ ስለ እኛ ምንም እንዳያውቅ ይፈቅድለታል።

መቆጠር ብቻውን ያድናል አልልም። እስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን በደንብ ይቆጠራሉ። የአገሪቱ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየዓመቱ ሲግድ በዓል ሲደርስ ስለ እነሱ መረጃ ያወጣል፤ እዚያው የተወለዱት ልጆች ሳይቀሩ «ኢትዮጵያዊ ተወላጅ» ተብለው ይቆጠራሉ። ይህ እስከ መቼ እንደሚቀጥል የሚያማርሩ ወጣቶች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ግን ወላጆቹ የበጀት ክርክር ሲገጥሙ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ከፓሪሱ ዝምታና ከዚህ ምረጥ ብባል፣ ቁጥሩን እመርጣለሁ።

ወደ ቤታችን ልመለስና አንድ ፎርም ላሳያችሁ። ልጅ ስታስመዘግቡ ትምህርት ቤቱ የሚሰጣችሁ ነው። ሁለት ጥያቄዎች አሉት። አንዱ የልጁ የመጀመሪያ ቋንቋ ምንድን ነው ይላል። ሁለተኛው ብሔረሰብ ይላል። ስንቶቻችን ነን ቋንቋው ላይ «እንግሊዝኛ» ብለን የምንጽፈው? ያየሁት ወላጅ አብዛኛው እንደዚያ ነው የሚጽፈው። «አማርኛ ካልኩ ልጄን ደካማ ክፍል ይከቱብኛል» የሚል ፍርሃት አለ። ቤት ውስጥ ልጁ አማርኛ እየሰማ አድጓል፤ አያቱ ጋር በስልክ በአማርኛ ያወራል። ወረቀቱ ላይ ግን እንግሊዝኛ።

መመሪያው እንዲህ አይደለም። ልጁ ሕጻን ሆኖ ቤት ውስጥ የሰማውና አሁንም የሚሰማው ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ሌላ ከሆነ፣ የሚጻፈው ያ ነው። እንግሊዝኛው ቢንቆረቆርም። ልጁን ወደ ታች ክፍል የማውረጃ ወረቀትም አይደለም። ይልቁንም በእንግሊዝ የትምህርት በጀት ቀመር ውስጥ፣ እንግሊዝኛ ተጨማሪ ቋንቋው የሆነ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ለትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ገንዘብ ያመጣል። የቋንቋ ኮዶቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ አለ። ትግርኛም አለ፣ ኦሮምኛም አለ። ሁሉም ቤቱ የሚናገረውን ይጻፍ። የፖለቲካ ጭቅጭቃችንን እዚህ ፎርም ላይ ባናመጣው ደስ ይለኛል።

ብሔረሰብ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። ትምህርት ቤቶች ሊጠቀሙባቸው ከሚችሉት ዝርዝር ኮዶች ውስጥ ሶማሌ አለ፣ ናይጄሪያዊ አለ፣ ጋናዊ አለ። እኛ «ሌላ ጥቁር አፍሪካዊ» ውስጥ ነን። ስለዚህ ልጆቻችን ጎበዝ ይሁኑ ሰነፍ ማንም አያውቅም። እኛም አናውቅም። «የእኛ ልጆች ዶክተር እየሆኑ ነው» የሚለውም፣ «የእኛ ልጆች ጠፉ» የሚለውም የሚያወራው ከዘመዶቹ ልጆች ተነስቶ ነው። እኛን ነጥሎ ሊያሳይ የሚችለው የቋንቋው መዝገብ ብቻ ነው፤ እሱንም «እንግሊዝኛ» ብለን አጠፋነው።

ሕዝብ ቆጠራውም እንዲሁ። በ2021 እንግሊዝና ዌልስ ላይ «አፍሪካዊ» የሚለውን ሲመርጡ ከሥሩ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨመረ። «ኢትዮጵያዊ» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር። ስንት ሰው ምልክት አድርጎ ባዶውን እንዳለፈው አስቡት። ቀጣዩ ቆጠራ ለ2031 ታስቧል። ያኔ ለመንገር መዘጋጀት ያለበት ማኅበር እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ከሚቀጥለው የአንድነት እራት በፊት አንድ ሥራ ሥሩልኝ። የመረጃ ነጻነት ሕግ ማንኛውም ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤትን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። መልሱ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ ይመጣል፣ ለመጠየቅም ክፍያ የለውም። የየማኅበራችሁ ጸሐፊ ለየካውንስሉ አንድ ኢሜይል ይጻፍ። የመጀመሪያ ቋንቋቸው አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ተብሎ የተመዘገቡ ተማሪዎች ስንት ናቸው? በአንደኛ ደረጃ መጨረሻና በጂሲኤስኢ ውጤታቸው ምን ይመስላል? ነጻ ምሳ የሚያገኙት ስንቶቹ ናቸው? ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ልጆቹ እንዳይታወቁ ሲሉ ሊከለክሉ ይችላሉ። ስለዚህ የአምስት ዓመቱን አንድ ላይ ጠይቁ፤ ጎረቤት ካውንስሎችንም አስተባብራችሁ ደምሩት።

ሁለተኛውን ሥራ ወላጆች ትሠሩታላችሁ። ባለፈው «እንግሊዝኛ» ብላችሁ የጻፋችሁ፣ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ሄዳችሁ ማስተካከል ይቻላል። ጸሐፊዋ አንድ ደቂቃ አይፈጅባትም። በመስከረም ልጅ የምታስገቡ ደግሞ ከፎርሙ ጋር ብቻችሁን እንዳትቀሩ፣ ማኅበሩ ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠረጴዛ ያውጣና እንግሊዝኛ የሚያነብ ወጣት ያስቀምጥላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢም መስጊዱ በርም ይሆናል።

መልሱ ሲመጣ አታስቀምጡት። ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ በአማርኛ ተርጉማችሁ በየቴሌግራም ገጻችሁ ላይ ለጥፉልን። የጥያቄውን ኢሜይል ረቂቅ ማርቀቅ የሚቸግረው ማኅበር ካለ እኔ እጽፋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ለንደን የሚኖር አንድ ወላጅ